ኪስ የማይገባ ካርታ

ገሱባ ውስጥ ካርታ ይዞ መታየት ስም ያስነሳል። የከተማው ሰው አብዛኛው ወንጌላዊ አማኝ ነው። ሚሲዮናውያኑ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ከመጡ ወዲህ ሥር የሰደደ ሥርዓት አለ፤ በዚያ ሥርዓት ካርታ ማለት ቁማር ነው፣ ቁማር ደግሞ ቤት አፍራሽ ነው። በላዩ ላይ «ምትሃት» የሚል ቃል ሲጨመርበት ነገሩ ከቁማር አልፎ ጠንቋይ ቤት ደጃፍ ይደርሳል። እኔ ሁለቱን አጣምሬ፣ ያውም ካርታውን በቁመትም በወርድም አራት እጥፍ አሳድጌ፣ ለወላጆች ቀን መድረክ ላወጣ ተነሣሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ።

የእኛ ቤት የካርታ ጥላቻ ከቤተ ክርስቲያን ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አጎቴ በጉብዝናው ወራት የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሊገዛ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ «ቀይዋን ያየ!» የሚሉ ልጆች እጅ ወደቀ። ጨዋታውን የማያውቅ ካለ፦ ሦስት ካርታ ነው፣ ሁለቱ ጥቁር አንዷ ቀይ። በካርቶን ላይ ተደፍተው ይገላበጣሉ፤ ቀይዋ የት እንዳለች ያወቀ ያስያዘውን እጥፍ ይወስዳል። አጎቴ ቀይዋን አይቷታል፤ እስከ ዛሬ ይምላል። ጥጓ ትንሽ ታጥፋ ነበርና ያንን ጥግ ብቻ በዓይኑ እየተከተለ የቆርቆሮውን ገንዘብ ሙልጭ አድርጎ አስያዘ። ልጁ ግን ካርታዎቹን ሲያገላብጥ የቀይዋን ጥግ አቃንቶ የጥቁሩን አጥፎታል። አጎቴ ገሱባ ባዶ እጁን ገባ፣ ቤቱም ያን ክረምት በሣር ከረመ። ይህቺው ጨዋታ ያልደረሰችበት አገር የለም። ምትሃተኞች ደግሞ በትልልቅ ካርታ መድረክ ላይ ያወጧታል፤ በአንዱ አገር አጎቴን የላጨች፣ በሌላው አገር በቲኬት ትታያለች።

እኔ ካርታን የወደድኩት በሌላ በር ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ተፈልጎ ልጆች ደጅ በሚሰበሰቡበት ዘመን፣ ከተረታቸው በተጨማሪ በምትሃታቸውም አፋችንን ያስከፈቱን አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አብረው የጀመሩ፣ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ «ልጆች» እያሉ የጠሩን፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። እሳቸውን ጠንቋይ ያለ ሰው አላውቅም። ለምን እኔ እባላለሁ የሚለው ክርክሬም ከዚያ ይነሣል፤ ባይባሉስ እሳቸው አባባ ተስፋዬ ናቸው።

ክፍል ውስጥ ፕሮባቢሊቲ ሳስተምር አንድ የቆየች ካርታ በኪሴ ይዤ እገባለሁ። ተማሪው ከቀመሩ ይልቅ ካርታዋን ነው የሚያየው፤ ግን በካርታዋ በኩል ቀመሩም ይገባል። የወላጆች ቀን ላይም አንድ ነገር አሳይ ተባልኩ። ችግሩ ሜዳው ነው። የተለመደው ካርታ 63 ሚሊ ሜትር በ88 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለ ሰው የሚያየው የመምህሩን አውራ ጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ካርታ። ውጭ አገር ተሠርቶ ይሸጣል፤ እኔ ግን ያለሁት ገሱባ፣ ኦፋ ወረዳ ነው። ከሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራሁት። ቁመትና ወርድ አራት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ 25 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንዱ ካርታ ለብቻው አንድ ኤ3 ወረቀት ይበላል። 52ቱ ሲደመሩ አራት ተኩል ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ባለ 300 ግራሙን ሃርድ ፔፐር ሁለት ድርብ አድርገን ካጣበቅነው ክምሩ ከሁለት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናል። ይህን በእጅ መበወዝ አይታሰብም፤ ሁለት ሰው ሆኖ ካልሆነ። በዚያ ላይ ኪሴ የሚችለው 21 ካርታ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደግነቱ በ21 ካርታ የሚሠራ ጥሩ ነገር አውቃለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሶዶ ያገኘሁት ማተሚያ ቤት የሰርግ ጥሪ፣ ባነርና ማኅተም የሚሠራ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ የድሮ ተማሪዬ ባይሆንም ቦርሳዬን አይቶ «ቲቸር» ብሎ ጀመረኝ። ካርታ ላሳትም ነው ስለው ፊቱ አልተለወጠም፤ 25 በ35 ስለው ነው ቀና ያለው።

«ለምንድን ነው ቲቸር?»

«ለሒሳብ።»

«ደረሰኝ ይፈልጋሉ?» አለ። ከፈለግሁ ቫቱ፣ 15 ከመቶው፣ ይጨመራል። ካርታና ቀረጥ ጥንትም ዝምድና አላቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1711 ጀምሮ በካርታ ላይ ቀረጥ ከፍ አድርገው ጣሉ፣ የመከፈሉም ምልክት የሚያርፈው የስፔዱ አንድ ላይ ነበር። ያቺ ካርታ እስከ ዛሬ ብቻዋን ያጌጠችው ለዚህ ነው፤ የቀረጥ ማኅተም ትዝታ ናት። ሪቻርድ ሃርዲንግ የተባለ ካርታ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1805 ይህቺኑ ስፔድ አስመስሎ በማሠራቱ ተሰቀለ። ቀረጡ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። «እንግዲያው ደረሰኙን ይውሰዱ» አለኝ።

ለጀርባው የወላይታውን ባህላዊ ሸማ፣ የዱንጉዛን ጥለት መረጥሁ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ከሩቅ ይጣራል፣ ካርታውም የፈረንጅ እንግዳ መምሰሉን ይተዋል። ልጁ የራሱን የበዓል ልብስ በስልኩ አንሥቶ አመጣው። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የጀርባ ጥለት ወደ ላይም ወደ ታችም ቢዞር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አለዚያ አንዷ ካርታ ተገልብጣ ብትገባ ከጀርባ ትታወቃለች፤ ምትሃተኞች ይህንን አውቀው ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ልብስ ላይ ጥለቱ ሲሸመን ለምትሃተኛ ታስቦ አይደለምና ግማሹን ቆርጠን፣ ገልብጠን ከራሱ ጋር አጋጠምነው። አማረ። ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ቢጫው ቀለም አለቀ። ቀይ በማተሚያ ማሽን ላይ የሐምራዊና የቢጫ ድምር ስለሆነ፣ ቢጫው ሲጎድል ልቦቹና ዳይመንዶቹ የዱባይ ሊፕስቲክ መስለው ወጡ። «ከሩቅ ቀይ ነው» አለ ልጁ፤ እውነቱን ነበር።

ጥቅሉን በብብቴ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ቦታ መሩህ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ፤ ካርታ የሚለው ቃል ከአፌ ወጥቶ ነበርና የይዞታ ካርታ መስሎታል። ተሳፋሪው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። አንዱማ ስንት ካሬ ነው ብሎ ጠየቀ። በጠቅላላው ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም ስለው በመንግሥት አዘነ።

ቤት ደርሼ አንዱን ወደ መስኮት ቀና ሳደርገው ንጉሡ ከነዘውዱ በዱንጉዛው በኩል አሻግሮ ታየኝ። ፋብሪካ የሚሠራው ካርታ አንድ ወረቀት አይደለም፤ ሁለት ነው፣ በመካከሉም ብርሃን እንዳያሳልፍ የጠቆረ ሙጫ ይቀባል። አላፊ አግዳሚው ከጀርባ የሚያነብበው ካርታ ምትሃት አይሠራም። ጥቁር ፌስታል መካከል ላይ ሞከርኩ፤ ፌስታል ሙጫ አይይዝምና አየር ቋጥሮ አበጠ። መፍትሔው ጎረቤት ከሚሠራ ግንብ መጣ፦ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት። ደብዛዛ፣ ጠንካራ፣ ያለ ዋጋ። አራግፋችሁ ስትጨርሱ ግን እናንተም ግንብ ትሆናላችሁ።

ማስቲሽ ለዚህ ሁሉ ስፋት ውድ ነው፣ ሽታውም ራስ ያዞራል። ኦፋ ደግሞ የካሳቫ አገር ነው። የካሳቫ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ስታቆዩት፣ ነጭ የነበረው ድንገት እንደ መስታወት ይጠራል፤ ያኔ ከእሳት ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀትን ከወረቀት የሚለይ የለም። ባለቤቴ ማማሰያዋን ያጣችው በዚህ ሂደት ነው። የሙጫው ጠባይ ግን እርጥብነቱ ነው፤ ወረቀት ውኃ ሲጠጣ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ይሰፋል፣ ቃጫው በተጋደመበት ሳይሆን በወርዱ። የአንዱን ወረቀት ቃጫ በቁመት፣ የሌላውን በአግድም አድርጋችሁ ካጣበቃችሁ ሲደርቅ ይጎብጣል። የሲሚንቶ ከረጢት ቃጫው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቀድዶ ማየት ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚቀደድበት በኩል ነው። ይህን ሁሉ አሟልቼም ወሩ ግንቦት ነበር፣ ዝናቡም አላባራም፤ ካርታዎቹን ከበቆሎ ኩንታል ሥር አስተኝቼ ማታ ማታ እያነሣሁ አይ ነበር። ቀጥ አሉ። ጠርዛቸውን ፀሐይ እንዲነካው በር ላይ ባስደገፍኩበት ቀትር የጎረቤት ፍየል መጣች። ካሳቫ እኮ ምግብ ነው። የዳይመንዱን ዘጠኝ ሙሉ በሙሉ፣ ከስፔዱ አምስት ደግሞ ሁለቱን ስፔድ በልታ፣ አምስቱን ሦስት አድርጋው ሄደች። የፍየል ባለቤት ምን ተብሎ ይከሰሳል? የዳይመንዱን ዘጠኝ በእጄ ሣልኩት፤ ሦስት የሆነውን ሦስት አልኩት።

ወሬው ግን ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሰው፣ ሳይጠሩ መጡ። በወላይትኛ ሳሮ ተባብለን ወንበር አቀረብኩላቸው። ቡና ሳይቀርብ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«መምህር፣ ቤትህ ካርታ አለ ይባላል።»

«አለ አባቴ» ብዬ የልቡን ንጉሥ ከኩንታሉ ሥር አወጣሁላቸው።

በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ገለበጡት፤ ዱንጉዛውን ሲያዩ ፊታቸው ላላ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ፤ ካርታውን የኮታቸው ኪስ ላይ ለኩት። በቁመት አልገባም፣ በአግድም አልገባም። እጅጌያቸው ላይም ለኩት።

«ይኼ እኮ ኪስ አይገባም።»

«አይገባም አባቴ።»

«ኪስ ካልገባ፣ እጅጌ ካልገባ፣ በምን ይሰረቅበታል? ቁማርተኛ የሚበላው በኪሱና በእጅጌው ነው።» ይህንን የት እንደተማሩ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። «ይህ ጢሙ የት ሄደ?»

የልቡ ንጉሥ ከአራቱ ነገሥታት ጢመ መላጣው እሱ ብቻ ነው፤ ጺም አለው፣ ከአፉ በላይ ግን ባዶ። ሥዕሉ በእንጨት ቅርጽ ከትውልድ ትውልድ ሲገለበጥ ጠፍቶበት ነው ይባላል። ሰይፉም ጫፉ ጠፍቶ ከራሱ ጀርባ ገብቷል፣ ራሱን የሚወጋ ነው የሚመስለው። ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩትና «ሳኦልም በገዛ ሰይፉ ነው የሞተው» አሉ። በዚያው በር ገባሁ፦ በፈረንሳይ ካርታ ላይ ነገሥታቱ ስም አላቸው፤ የስፔዱ ንጉሥ ዳዊት ይባላል፣ የዳይመንዷ ንግሥት ደግሞ ራሔል። «ዳዊት እዚያ ምን ያደርጋል?» አሉ ተቆጥተው፤ ቁጣቸው ግን ለፈረንሳዮች ነበር። ሲነሡ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ምትሃት የሚለው ስም ይቅር፣ ልጆች ያደናግራል። ዳይሬክተሩም ያንኑ ደገመልኝ፣ በፕሮግራሙ ላይ «የሒሳብ ትርኢት» ተብሎ ተጻፈ። አልተከፋሁም፤ እውነቱ እሱ ነው።

ምክንያቱም ትልቅ ካርታ እጅን ሥራ ፈት ያደርገዋል። በትንሿ ካርታ ደብቆ መያዝ፣ ሁለቱን አንድ አስመስሎ ማንሣት፣ ከታች መሳብ ይቻላል፤ ካናዳዊው ምትሃተኛ ዳይ ቨርኖን እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ላይ፣ ማንም አያታልለኝም የሚለውን ዝነኛ ምትሃተኛ ሁዲኒን ያታለለው በዚህ ዓይነት የጣት ሥራ ነው። 25 በ35 ያለውን ግን የሚደብቅ መዳፍ አልተፈጠረም። ያለው መንገድ ቁጥር ነው፤ ሽማግሌው ኪሳቸው ላይ ለክተው የደረሱበት እኔ በሰሌዳ የደረስኩበት ነው።

የ21 ካርታው ጨዋታ ይህ ነው። ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ሰባት። አንድ ሰው አንዷን ካርታ በልቡ ይይዝና የትኛው መስመር ላይ እንዳለች ብቻ ይናገራል። መስመሮቹ ይሰበሰባሉ፣ የተጠቆመው መሃል ይገባል፤ ከዚያ አንድ ለአንደኛው፣ አንድ ለሁለተኛው፣ አንድ ለሦስተኛው እየተባለ እንደገና ይታደላሉ። ጥቆማው ሦስት ጊዜ ሲደረግ 21 ወደ 7፣ 7 ወደ 3፣ 3 ወደ 1 ይጠባል፤ ካርታዋም ሳትወድ በግድ አሥራ አንደኛዋ ቦታ ላይ ትቆማለች። እኔ ካርታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ማደል ስላልቻልኩ ልጆች አንገት ላይ በቃጫ አንጠለጠልኳቸው። ካርታዎቹ በእግራቸው ይሄዳሉ። ተለማመድን፤ ከሰልፍ ሥነ ሥርዓት ይልቅ ይህን ወደዱት።

ቀኑ ደረሰ፣ ሰማዩም ከበደ። መሐል ሜዳ ላይ 21 ልጆች ዱንጉዛቸውን ወደ ኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ወላጅ አድርገው ቆሙ። ከተመልካቹ መካከል ዝንጅብል የምትሸጥ እናት እጇን አወጣች። የመረጠችውን ለጎረቤቷ በጆሮ ነገረች።

«እትዬ፣ የትኛው መስመር ላይ ነች?»

በጃንጥላዋ ጠቆመች። ልጆቹ ተሰበሰቡ፣ ታደሉ። እንደገና ጠቆመች። ማካፋት ጀመረ፤ የካሳቫው ሙጫ ለሰለሰ፣ የስፔዱ አንድ ከፊቱ መላጥ ጀመረና ባለቤቱ በአገጩ ደግፎ ያዘው። ሦስተኛውን ጠቆመች። አንድ ረጅም ሰልፍ ሆኑ። እኔ መቁጠር ስጀምር ሜዳው በወላይትኛ ተቀበለኝ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከቀድሞው ይልቅ ይጮኻል። አሥራ አንድ ላይ ቆምኩ፣ የልጁን ትከሻ ይዤ አዞርኩት። ጥቁር ባለ ሦስት ቅጠል፣ ሰባት።

«እሱ አይደለም» አለች እናቲቱ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ያዘነችልኝ መሰለች።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንደኛው ቦታ የደረሰው ልጅ አንገቱ ላይ የልቧ ንግሥት ነበረች፤ ጓደኞቹ ሙሉ ሳምንት «ንግሥቲቱ» እያሉ ሲያበሽቁት ከርመዋል። ሰልፉ ሲገጥም ከኋላው ካለው ልጅ ጋር በፍጥነት ቃጫ ተለዋወጡ። ሒሳቡ ልጁን በትክክል አምጥቶታል፤ ልጁ ነው ንግሥቷን የሸጠ። ይህን ያን ጊዜ አላወቅሁም። የማውቀው ሜዳው ዝም ማለቱንና ውኃው በአንገቴ መውረዱን ነው። ከዚያ ከወላጆች መካከል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ሽቅብ ይዘው ብድግ አሉ።

«ያቻትና! ቀይዋ ያቻት! ከኋላው!»

አጎቴ ነው። ከአሥራ አንደኛው ልጅ ኋላ፣ በሁለት እጁ ካርታውን ደረቱ ላይ ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ነበር፤ በጣቶቹ መካከል ያ ሊፕስቲክ ቀለም ይታያል። ልጁ እጁን ሲያነሣ የልቧ ንግሥት ወጣች። እናቲቱ እልል አለች። ሜዳው ተነሣ። ሰዉ ሁሉ ይህ የታቀደ መስሎታል፤ ንግሥቲቱ ሆን ብላ ከመምህሩ ሸሽታ ተገኘች ማለት ነው። አጎቴን ሰዎች ትከሻውን ይመቱታል፤ እሱም «እኔ እኮ ድሮም አይቻት ነበር» ይላል፣ ስለ የትኛዋ እንደሚያወራ የምናውቀው የቤቱ ሰዎች ብቻ ነን። ንግሥቷን የሸጠው ልጅ ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለውጧል፤ ጓደኞቹ አሁን «አሥራ አንድ» ነው የሚሉት።

ካርታዎቹ ብዙ አልቆዩም። ከአንድ እስከ አሥር ያሉትን የሕፃናት መምህርቷ ቁጥር ላስተምርበት ብላ ወሰደች፤ ሦስት የሆነውን አምስት ከየት እንዳገኘሁት አልጠየቀችም። የልቡን ንጉሥ ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው ላሳይ ብለው አልመለሱም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

ቀሪውን ላሳትም ሶዶ ስመለስ የማተሚያ ቤቱ በር ላይ አንድ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ የልቡ ንጉሥና የልቧ ንግሥት፣ ጀርባቸው ዱንጉዛ፣ ፊታቸው ግን የሙሽራውና የሙሽሪት ፎቶ። ሙሽራው ጢም አለው። ልጁ ሳይደነግጥ ወንበር አቀረበልኝ።

«ቲቸር፣ ሰዉ በጣም ወዶታል። ለሰርግ ሁሉ እየተጠየቀ ነው።»

«ዲዛይኑ እኮ የእኔ ነው» አልኩት።

«ልብሱ የእኔ ነው» አለ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ፤ ሁለታችንም የተበደርነው ከሸማኔው ነው። ለሚቀሩት 31 ካርታዎች ጥሩ ቅናሽ አደረገልኝ፣ ቢጫ ቀለምም ገብቷል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ጆከሩ ባዶ ከሚሆን የእርስዎን ፎቶ ብናስገባስ አለ። ትንሽ አሰብኩና በቴሌግራም ላክሁለት።